አጎቴ ከዋስትና የወረዱበት እሑድ

«ክሪፕቶ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ኪሳችሁን ጨበጥ የምታደርጉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ሥራዬ ባይሆን ኖሮ እኔም ከእናንተ ቀድሜ እጨብጥ ነበር። ታሪኬ ግን ስለተዘረፈ ሰው አይደለም። እሱን ከፈለጋችሁ ፌስቡክ ሞልቶላችኋል። እኔ የማወጋችሁ አንድ መንደር እምነቱን ሊያጣ ጥቂት ሲቀረው እንዴት እንዳተረፈው፣ እኔም በዚያው መሀል እንዴት ሌላ ሰው ሆኜ እንደወጣሁ ነው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምሬ ተመርቄያለሁ። እናቴ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ እኔ ደግሞ ከሥሩ ተቀምጬ ሥራ እጠብቃለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዲግሪው ይታያል፣ ከዚያ እኔ እታያለሁ፣ ከዚያ «አይዞሽ» ይባላል። ያ «አይዞሽ» እንዴት እንደሰለቸኝ ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ «ጎታ» የሚባል ድርጅት የኅብረተሰብ አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች ግን ባሕር ማዶ ናቸው።

የጎታ ሐሳብ ቀላል ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እኛ መንደር አፋፍ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መጋዘን ተሠራ። ገበሬው ስንዴ በረከሰበት ወቅት ከሚሸጥ እዚያ ያስገባል። ላስገባው ለያንዳንዱ ቁና ስልኩ ላይ አንዲት «ፍሬ» ትገባለታለች። ፍሬ ቶክን ናት፤ ማንም ብቻውን ገብቶ ሊሰርዘው በማይችል የኮምፒውተር መዝገብ ላይ የተቀመጠች የስልክ ሳንቲም በሏት። በፍሬ ከሱቅ ጨውና ሳሙና ይገዛል። ባለሱቁ ደግሞ ፍሬዋን ይዞ ይመጣና ስንዴ ሰፍሮ ይወስዳል። አንዲት ፍሬ አንድ ቁና ናት፤ በጥርም በሐምሌም ያው ናት።

ይህን ሁሉ በፕሮጀክተር አሳይቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ አስረድቼ ስጨርስ የእኛ ሰው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዋሱ ማነው?»

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፣ ልጅ ሲዳር ዋስ ይጠራል፣ የተጣላ ሲታረቅም ዋስ ይጠራል። እኔ ደግሞ ገና ትምህርቱ አልወጣልኝምና «ዋስ አያስፈልገውም፣ ማሽኑ ራሱ ዋስ ነው» አልኩ። ነገር የማያመልጣቸው አያ ሙጨ የሚባሉ ገበሬ ከኋላ ተነሡና፣ «ማሽኑ ቢክደኝ የት ወስጄ አቆመዋለሁ?» አሉኝ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፕሮጀክተሬን አጠፋሁ።

ዋስ የሆኑት አጎቴ አያ ልየው ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ተነሥተው ቆሙና፣ «ቁና ላገባ ቁና ይወጣለታል። ካልወጣለት ከእኔ ጎተራ ይወጣለታል» አሉ። የድርጅቱ መሥራች ናትናኤል ያን ቀን ከአዲስ አበባ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው የመረቁት መስሎት ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ፣ በስልኩም ቀረጸ። እኔም ሲያጨበጭብ አይቼ ገብቶታል ብዬ ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት መጋዘኑ መሙላት ጀመረ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አባርቷል። ኔትወርክ ፍለጋ መጋዘኑ ደረጃ ላይ ወጥቼ ቆሜ ሳለ ናትናኤል ደወለ።

«ይታይሽ፣ ትልቅ ዜና! አቅጣጫ ቀይረናል።»

«ወዴት?»

«ፍሬ ከስንዴ ትላቀቃለች። ከሰኞ ጀምሮ በዓለም ገበያ የምትሸጥ የምትለወጥ ቶክን ትሆናለች። ገበሬዎቻችን የት እንደሚደርሱ አስቢው!»

«መጋዘን ያለው ስንዴስ?»

«ይሸጣል። ሰኞ ጠዋት መኪኖች ከደጀን ይመጣሉ። ገንዘቡ ለአዲሷ ፍሬ መነሻ ይሆናል።»

«ለሰዉ መቼ ነው የሚነገረው?»

«ሰኞ ጠዋት በስልክ መልእክት ይደርሰዋል። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ፣ መጋዘኑም እንዳይከፈት። ሰው ቀድሞ ከሰማ ተጋፍቶ ያወጣዋል።»

«ናቲ፣ ስንዴው የሰዎቹ ነው እኮ።»

«ሲመዘገቡ ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭነዋል። ድርጅቱ አሠራሩን መቀየር እንደሚችል እዚያ ላይ ተጽፏል። አትጨነቂ፣ ሲያተርፉ ያመሰግኑናል።»

ናትናኤል ሌባ አይደለም። ይህን አሁንም እመሰክርለታለሁ። የሚናገረውን ከልቡ ያምን ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም ያ ማመኑ ነው። ሌባ ቢሆን ጮኼ አስይዘው ነበር። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሐምሌ ነው፤ የብዙው ሰው ጎተራ ጎድሎ ዓይኑ መጋዘኑ ላይ ነው። ሰኞ ስንዴው ተጭኖ ከሄደ አጎቴ ከጎተራቸው ሊከፍሉ ነው፤ ጎተራቸው ደግሞ የመንደሩን ሩብ አይሸፍንም። በእርሻ ወቅት በሬዎቻቸውን ሊሸጡ ነው። እሱም አይበቃም። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር የአያ ልየው ቃል ቃል አይሆንም። ብናገር ደግሞ ሥራዬን አጣለሁ፤ ተመልሼ ከዲግሪዬ ሥር እቀመጣለሁ።

ብዙ አላሰብኩም። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ አጎቴ እርሻ ወረድኩ።

አያ ልየው በሬዎቻቸውን ፈትተው ድንበሩ ላይ ያስግጣሉ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነበር።

«ስንዴው አሁን የት ነው?»

«መጋዘን ነው።»

«ያልጎደለ ነው?»

«ቁና አልጎደለም አያ።»

«እንግዲያው ገና አልዋሸሁም» አሉና ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። «እሑድ ከዋስትና እወርዳለሁ።»

ለማታውቁት ላስረዳችሁ። ዋስ መውረድ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ነውሩ ነገር ከፈሰሰ በኋላ መውረድ ነው። ዋሱ ነገሩ መልኩን ሊቀይር መሆኑን ካወቀ፣ ንብረቱ በቦታው እያለ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ «አውርዱኝ» ይላል። ሕዝቡም «ንብረቱን አሳየንና ውረድ» ይለዋል። ያሳያል፣ ይወርዳል፣ ስሙም ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

«ሰውየውን ጥሪው» አሉኝ።

«ናትናኤልን?»

«ዋስ የሚወርደው ባለጉዳዩ ቆሞ ነው። በሌለበት ብወርድ ሐሜት ነው የሚሆነው።»

«አልመጣም ቢልስ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ ለሰዉ እናገራለሁ። ቢመጣ ለራሱ ይሻለዋል።»

«አያ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ያባርሩሽ ይሆናል» አሉ። «እሱን ላስቀርልሽ አልችልም ልጄ።» ማጽናኛ ስጠብቅ ያገኘሁት ይህን ነው። የሚገርመው፣ ከ«አይዞሽ» ሁሉ እሱ ይሻል ነበር።

ተመልሼ ደረጃዬ ላይ ወጣሁና ለናትናኤል ደወልኩ።

«ለአጎቴ ነግሬያለሁ» አልኩት።

«ማን ፈቀደልሽ?» ጮኸ።

«ማንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋስትና ይወርዳሉ። መገኘት አለብህ።»

«የምን ዋስትና? እኛ ከማንም ጋር የዋስትና ውል የለንም! የፈረምነው ነገር የለም!»

«አልፈረምክም። አጨብጭበሃል።»

«ምን?»

«ስልክህ ላይ ያለውን ቪዲዮ ክፈተውና ስማው።»

ዘጋብኝ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ። ድምፁ ለስልሷል። ቪዲዮውን አይቶታል፤ ድረ ገጻቸው ላይ «የሽማግሌው ምርቃት» የሚል ርእስ ሰጥተው ለጥፈውት ኖሯል። «ከጎተራዬ ይወጣለታል ነው የሚሉት» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያም እመጣለሁ አለ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አጎቴ ነገሩን ለሦስት ሰው ብቻ ነገሩ። በእኛ ገበያ ሦስት ሰው ይበቃል። ጀንበር ሳትጠልቅ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። እኔ መጋዘኑ ይሰበራል ብዬ ምሽቱን ሙሉ ጆሮዬን ወደ አፋፉ ቀስሬ ነበር። ማንም አልሄደም። ዋሱ ቀን ቆርጧል፤ ዋስ ቀን ከቆረጠ ይጠበቃል። እናቴ ግን አላመነችኝም መሰል፣ «ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ?» እያለች ቤቱን ስትዞረው አመሸች።

እሑድ ጠዋት ናትናኤል ካደረበት ከደብረ ማርቆስ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ የጎታ ምልክት ያለባቸው ካናቴራዎች በካርቶን ይዟል፤ «አዲስ አቅጣጫ፣ አዲስ ተስፋ» ይላል ጀርባቸው። ሰው በቅዳሴ ልብሱ ከመጋዘኑ ፊት ሞልቷል። ከሰዉ ኋላ ደግሞ አህያ ተደርድሯል። ባዶ ጆንያ የተጣለበት፣ መጫኛ የታሰረበት አህያ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

«ዛሬ የገበያ ቀን ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም። አንተን ሊሰሙ ነው የመጡት።»

«አህዮቹስ?»

«አንተን ሰምተው ስንዴውን ሊጭኑ ነው።»

ካርቶኑን ወደ መኪናው መለሰው። ያን ጊዜ ደግ ነገር አደረገ ብዬ አሰብኩ።

አጎቴ መሀል ገብተው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ቁና ላገባ ቁና ይወጣለታል ብዬ ቆሜላችሁ ነበር። አሁን ነገሩ መልኩን ሊቀይር ነው። ስለዚህ አውርዱኝ። ባለጉዳዩ ያውላችሁ፣ ይናገር።»

ናትናኤል ተናገረ። ስለ ዓለም ገበያ፣ ስለ ዕድል፣ ስለ ዲጂታል ዘመን ተናገረ። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ይጨበጨብለት ነበር። እዚያ ግን ከአህዮቹ አንዱ ብቻ ነው የመለሰለት፤ ሰዉም ሳቁን ዋጠ። ከዚያ አያ ሙጨ ተነሡ።

«ልጄ፣ እኔ በድሮው ቁና ባስገባ ቁና አወጣለሁ። በአዲሱ ባስገባ ምን አወጣለሁ?»

«እንደ ገበያው ነው አባባ። ሊጨምር ይችላል፤ እጥፍም ሊሆን ይችላል።»

«ሊቀንስስ?»

«ሊቀንስም ይችላል።»

«ምን ያህል?»

ናትናኤል ወደ እኔ ዞረ። እኔ እግሬን አየሁ። ልረዳው አልፈለግኩም ማለት አይደለም፤ ይህን መልስ ግን ራሱ መስጠት ነበረበት።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ማንም አያውቅም።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። አያ ሙጨ ግን «እሰይ!» ብለው በትራቸውን መሬት መቱ። «አሁን እንደ ሰው ተናገርክ። እና ማንም የማያውቀው ነገር ውስጥ ሳትጠይቀኝ ልትከተኝ ነበር?»

ናትናኤል ፊቱ ቀላ። «አዎ፣ ነበር» አለ። «ተሳስተናል።»

ይህን ቃል ከአለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሕዝቡም የጠበቀው አይመስለኝም፤ መንሾካሾክ ተጀመረ። አጎቴ እጃቸውን አነሡና፣ «እንግዲህ ንብረቱ ይታይ። በሩን ክፈተው» አሉት።

ናትናኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ከከፈትኩት ባዶ ያስቀሩታል ይታይሽ። አጋሮቼ አይለቁኝም።»

«ካልከፈትከው ዛሬ ሞልቶ ይውላል» አልኩት። «ከዛሬ በኋላ ግን በዚህ አገር ቁና የሚያስገባልህ አታገኝም።»

ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደረጃው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ። የለም። በሕይወቴ ኔትወርክ በመጥፋቱ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሳኔው የሱ የራሱ ሆነ። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀበለና ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

መጀመሪያ የገቡት አያ ሙጨ ናቸው። ያለኔትወርክም የምትታየውን ፍሬያቸውን በልጃቸው ስልክ አሳዩ፤ ስንዴው በቁና ተሰፈረላቸው፤ አህያቸውን ጭነው ግራ ቀኝ ሳያዩ ቁልቁለቱን ወረዱ። ከኋላቸው ሌላ ገባ፣ እሱም ጭኖ ሄደ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ናትናኤል በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ደግሞ ሥራዬን ባጣም አጎቴ ዳኑ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ሆዴ ግን አልተጽናናም። ያን መጋዘን በቃሌ ሰብኬ ነው የሞላሁት፤ ሲጎድል ማየት ያማል።

ቀጥለው እትዬ ጥሩሰው ገቡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ሴት ናቸው። ስፈሩልኝ አላሉም። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ስንዴው ውስጥ ሰደዱ፤ ዘግነው አሸተቱ፤ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ።

«ደረቅ ነው» አሉ። «ይቀመጥልኝ።»

«አይወስዱትም እትዬ?» አልኳቸው።

«የት ልወስደው? ቤቴ ያፈሳል። እኔ የመጣሁት ልወስደው መቻሌን ለማየት ነው።» ባዶ ጆንያቸውን አህያቸው ላይ መልሰው ወጡ።

ከሳቸው ኋላ ያለውም ገባ፣ አየ፣ «ይቀመጥ» አለ። ቀጥሎ ያለው ለሳምንት ቀለቡ ትንሽ አሰፈረና የቀረውን ተወው። ሰልፉ እየገባ እየወጣ፣ ባዶ አህዮች ከበሩ ተመልሰው አስፋልቱ ዳር ይቆሙ ጀመር። ናትናኤል ምን እየሆነ እንደሆነ ቶሎ አልገባውም፤ «ለምን አይወስዱም?» ይለኛል ደጋግሞ። «በሩ ተከፍቷላ» እለዋለሁ።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ከቁልቁለቱ በኩል ሳቅ ተሰማ። ዞር ስንል አያ ሙጨ ናቸው፤ የተጫነ አህያቸውን እየነዱ ተመልሰው ይመጣሉ። ፊታቸውን አኮሳትረዋል።

«ምነው ሙጨ?» አለ ሰዉ።

«ምን ምነው አለው! ሚስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ‹በክረምት ለነቀዝ ልትቀልበው ነው ያመጣኸው?› ብላ መለሰችኝ። በሉ መልሱልኝ!»

መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ናትናኤል ራሱ ጆንያውን ከአህያው አውርዶ፣ ተሸክሞ አስገባው። ነጭ ሸሚዙ በጭቃና በገለባ ተለወሰ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

አጎቴ መሀል ገቡ። «ንብረቱን አያችሁ?»

«አየን!»

«እንግዲያው አውርዱኝ።»

«ወርደሃል ልየው! ወርደሃል!»

ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸውን ወዘወዙና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ናትናኤል ግን ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «መኪኖቹ አይመጡም» አለ። «ፍሬ እንደነበረች ትቀጥላለች፤ ቁና ለቁና። አዲሱ ለብቻው ይሆናል፣ የፈለገ ብቻ ይገባበታል።»

«ዋሱ ማነው?» አሉ አያ ሙጨ፣ አህያቸውን እንደያዙ።

«እኔ ነኛ» አለ ናትናኤል።

«አንተ ነገ አዲስ አበባ ነህ። አንተን ማን ያውቅሃል?»

ሰዉ ወደ አጎቴ ዞረ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ወርጃለሁ» አሉ። ማንም አልተነሣም። ያ ሁሉ ሳቅ ጠፋ። ናትናኤል እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ የተከፈተው በር ከኋላው አለ፤ ሰዉ ጆንያውን መልሶ እጁ ውስጥ ሲጨብጥ አየሁ። ዋስ ካልተገኘ ሊያወጡት ነው።

እግሬ ከኔ ቀድሞ ነው የተነሣው። «እኔ ነኝ ዋሱ» አልኩ። «ግን ቁልፉ እኔ ዘንድ ይዋል። ባለቤቶቹ ሳይጠሩ በሩ ለመኪና አይከፈትም።»

ናትናኤል ሳይጠይቅ ሳያቅማማ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው።

«ሴት ዋስ ትሆናለች እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ ከዳር።

«ያንን ስንዴ ማን አርሞ፣ ማን አበጥሮ ነው አንተ የበላኸው?» አሉ እትዬ ጥሩሰው ቆጣ ብለው። ሳቅ ተነሣ፤ ጥያቄው ግን አልሞተም። ሌላ ሰው ደግሞ፣ «ልየው፣ የወንድምህ ልጅ ናት፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለ።

አጎቴ ካሉበት አልተነሡም። «እኔ አልናገርላትም» አሉ። «ዋስ የሚሆን ሰው ዋስ አይጠራም።»

እንዲህ ይተዉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቁልፉን ጨብጬ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ የማስረዳበት ፕሮጀክተርም የምጠቅሰው ዲግሪም ሳይኖረኝ ቆምኩ።

አያ ሙጨ ከሕዝቡ መሀል ወደፊት መጡ። «ሐሙስ ሰማች፣ ሐሙስ ተናገረች» አሉ። «እንጀራዋን እንደምታጣ እያወቀች ነው የተናገረችው። እኔ ተቀብያታለሁ። ያልተቀበለ አህያው ያውና፣ ይጫን።»

ማንም አልጫነም። «ተቀብለናል!» የሚለው ድምፅ መጀመሪያ ከሴቶቹ በኩል ተነሣ፤ ከዚያ ሁሉም አለው። እትዬ ጥሩሰው እልል አሉ። እናቴ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ አንገቴን አንቃ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በምረቃዬም ቀን አላገኘሁትም። አጎቴ በመጨረሻ መጡና ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ከባድ ነው፣ ትለምጅዋለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የናትናኤል አጋሮች እኔን ማባረር ፈልገው ነበር። «አትችሉም፣ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው» አላቸው አሉ። ጎታ ሌላ ወረዳ ውስጥም መጋዘን ነበረው፤ ለውጡ በስልክ መልእክት ብቻ በተነገረበት በዚያ መጋዘን ሰዉ መኪኖቹ ሳይደርሱ ስንዴውን አንድ ሳያስቀር አውጥቶ ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። የእኛ ሙሉ እንደሆነ ክረምቱን ወጣ። ይህን ሲያዩ አጋሮቹ ዝም አሉ። በመኸሩ ከዲማ በኩል ሳይቀር ጭኖ የመጣ ሰው ነበር፤ መጋዘኑ ጠቦን ሌላ አስጨመርን። ወደ አዲሱ ቶክን የገቡ ጥቂት ወጣቶች አሉ። ይወጣል ይወርዳል። ሲወርድ እኔ ላይ ያኮረፈ የለም፤ ሲገቡ ማንም አያውቅም ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸዋል።

አንባቢዎቼ፣ ሥራችሁ ከሰው እምነት ጋር የተያያዘ ከሆነ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሐሳብ ይቀየራል፤ የሚቀየር ሐሳብ ሁሉ ክህደት አይደለም። ናትናኤል ያን ሐሙስ «ልንቀይር እያሰብን ነው፣ ሰዎቹን እንጠይቅ» ብሎ ቢደውልልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ሰው በአቅጣጫ መቀየር አይቀየምም፤ ተኝቶ ሳለ ቤቱ ሲዞርበት ነው የሚቀየመው። እኛ ሰዉ እንዳይወጣብን በሩን ልንዘጋ ነበር፤ ሰዉን ያስቀረው ግን በሩ መከፈቱ ነው። እኔም የማልረሳው ይህን ነው።

በራሴ ላይ የመጣውን ለውጥ ግን ቶሎ አላወቅኩትም። ያወቅኩት በዓመቱ ነው። አንድ በደንብ የለበሰ ሰው የውሃ ፓምፕ በዱቤ ልሽጥላችሁ ብሎ መንደራችን መጣ። ፓምፑን አስነሥቶ አሳየ፤ ውሃው ተፈናጠረ፤ ሰዉም ወደደው። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ሕዝቡ ወደሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ።

«ይታይሽ፣ ታውቂዋለሽ?»

ሰውየውን አየሁት። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑም ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አላውቀውም።

«አላውቀውም» አልኩ።

ሰዉ ልብሱን አራግፎ ተነሣና ወደየቤቱ ሄደ። ሰውየው ፓምፑ እየሠራ፣ ውሃው ጭቃው ላይ እየፈሰሰ፣ አፉን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። አሳዘነኝና ወደሱ ሄድኩ። «እሑድ ተመለስ» አልኩት። «መጀመሪያ እንተዋወቅ።»